የጭሮ ትራም

ሳታነቡ የፈረማችሁት ወረቀት ስንት ነው? አዎ፣ እናንተን ነው። የባንኩን ቅጽ፣ የቃለ ጉባኤውን ጥራዝ፣ የዋስትናውን ሰነድ፣ «እዚህች ጋ ብቻ» ተብሎ ጣት በተቀሰረበት ቦታ ሁሉ የጫራችሁትን ቁጠሩት እስቲ። ቁጥሩ ከጠፋባችሁ ብቻችሁን አይደላችሁም። እሴት ቢቂላም ጠፍቶባት ነበር፤ ያውም ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «መልእክት ስትቀበሉ ላኪው ማን እንደሆነ ጠይቁ» እያለች የምታስተምር ሴት። አንድ ረቡዕ ግን፣ እዚሁ ጭሮ ላይ፣ መቁጠር ጀመረች።

ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ አባቷ አቶ ቢቂላ ሳሎን ውስጥ ቆመው ከረባት ያስሩ ነበር። የሚሄዱበት ቦታ የላቸውም፤ ጡረታ ከወጡ አሥራ አንድ ዓመት ሆኗቸዋል። ከረባቱ ከጅዳ ለሚመጣ የአንድ ደቂቃ የድምፅ መልእክት ነው። አቶ ቢቂላ ከተማዋ አሰበ ተፈሪ ብቻ ትባል በነበረ ጊዜ የስልክ ቤት ኦፕሬተር ነበሩ። ገመድ ከቀዳዳ እየነቀሉ ሌላ ቀዳዳ ላይ እየሰኩ ሂርናን ከድሬዳዋ፣ ድሬዳዋን ከጅቡቲ፣ አንዳንዴም የሚሲዮኑን ሐኪም ከአገሩ ሰዎች ጋር ሲያገናኙ ኖረዋል። ያኔ ከውጭ አገር የተደወለለት ሰው ንጹሕ ልብስ ለብሶ፣ ጫማውን አስጠርጎ ነበር የስልክ ሳጥኑ ውስጥ የሚገባው። ዘመኑ አለፈ፣ ገመዱም ተነቀለ፣ ልማዱ ግን እሳቸው ላይ ቀረ። በየሳምንቱ ረቡዕ ከረባታቸውን አጥብቀው፣ ስልካቸውን የስኳር ቆርቆሮው ላይ አስደግፈው፣ ጉሮሯቸውን ጠርገው ነው የታናሽቱን ልጃቸውን የሚካልን ድምፅ የሚከፍቱት።

ቤቱ ጠባብ ነው። ግድግዳው እስከ ወገቡ አረንጓዴ የዘይት ቀለም ተቀብቷል፤ ከዚያ በላይ የቤተ ክርስቲያኑ የቀን መቁጠሪያና የእሴትና የሚካል ሟች እናት ፎቶግራፍ ተሰቅለዋል። ከተበላሸ የቆየው ፍሪጅ የሰሃን ማስቀመጫ ሆኗል። መስኮቱ የሚያሳየው ጓሮውን ነው፤ ሚካል ልትሄድ ሳምንት ሲቀራት የተከለቻት ፓፓያ እዚያ ቆማለች። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ምሥጢር የሚባል ነገር የለም፤ እሴት ከመጋረጃው ጀርባ ሻይ እየቀዳች ሁሉንም ሰማች።

«አባዬ፣ ሰላም ነህ? እኔ ደኅና ነኝ። ዛሬም ያንኑ ነው የምጠይቅህ። ያን ወረቀት ስትፈርም አንብበኸው ነበር? አዎ ወይም አይ በለኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

አቶ ቢቂላ ከረባታቸውን ነካ አደረጉ። ከዚያ ስልኩን ወደ አፋቸው አስጠግተው፣ በዚያ በጠራው የኦፕሬተር ድምፃቸው፣ «ሚካልዬ፣ ዘንድሮ ዝናቡ ጥሩ ነው። ምእመናኑ ሁሉ ሰላም ብለውሻል። እሴትም ደኅና ናት። ጌታ ይጠብቅሽ» አሉና ከረባቱን ፈተው ኪሳቸው ከተቱት።

እሴት ሻይና ዳቦ አቀረበች። «ዳቦው እኮ አሥራ አምስት ብር ገባ» አለች። «ተወደደ» አሉ አባቷ። «መጠኑም አንሷል።» «አዎ፣ ተወደደ።» ይኸው ነው። ስለ ወረቀቱ በዚህ ቤት ሁለት ዓመት ሙሉ የተናገረ የለም። ወረቀቱ በዓረብኛ የተጻፈ የሥራ ውል ነበር፤ ከሥሩ የወላጅ ፈቃድ የሚል መስመር ነበረው፤ አቶ ቢቂላ ደላላው ጣቱን በቀሰረበት ቦታ ላይ በሚያምር የእጅ ጽሑፋቸው ፈረሙ። ሚካል የአንድ ቤት ልጆች ልትጠብቅ ሄዳ ዛሬ የሁለት ቤት ወለል ትወለውላለች። እረፍቷ ረቡዕ ጠዋት ግማሽ ሰዓት ብቻ ናት። ያቺን ግማሽ ሰዓት ለአንድ ጥያቄ ታውላለች።

እሴት ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። ቦርሳው ውስጥ ሰማንያ ስድስት ገጽ ሰነድ አለ። በዘጠኝ ሰዓት የአርባ ረከቴ ዩኒቨርሲቲ የጋዜጠኝነትና ኮሙኒኬሽን ትምህርት ክፍል አዲሱን ሥርዓተ ትምህርት ለገምጋሚዎች ያቀርባል። የትምህርት ክፍሉ ማተሚያ ቶነር ካለቀበት ሦስት ሳምንት ስላለፈው ሰነዱን መናኸሪያ አጠገብ ወስዶ ኮፒ የሚያስደርግ ሰው አስፈለገ። ከአምስቱ የኮሚቴ አባላት እሷ ተላከች። ሌላዋ ሴት ወይዘሮ ባየች ያልተላኩት ጡረታ ሊወጡ ጥቂት የቀራቸው ስለሆኑ ነው፤ ሦስቱ ወንዶች ደግሞ፣ ያው፣ ወንዶች ስለሆኑ ነው።

ስለዚህ ሰነድ እውነቱ ይነገር። ባለፈው ዓመት «ትምህርቱን ሁሉ ዓለም አቀፍ ዕይታ አላብሱት» የሚል መመሪያ ወረደ። መመሪያው ክፉ አልነበረም፤ እሴት ስትሰማው በደስታ ልትዘል ምንም አልቀራት። በምዕራብ ሐረርጌ ከጅዳ፣ ከቤሩት፣ ከጅቡቲ ወይም ከሐርጌሳ ጋር የማይነጋገር ስልክ ያለበት ቤት ስንት ነው? ሂርና ላይ ያለ ነጋዴ ቁርሱን ሳይጨርስ በአራት ቋንቋ ይጨቃጨቃል። ቦኬ ያለች እናት ልጇ ታማ እንደሆነ በድምፅ መልእክት ውስጥ ካለው ትንፋሽ ትለያለች። ይህን ተማሪዎቿ ከመሰላ እስከ ሂርና ወርደው እንዲቀዱት፣ እንዲተረጉሙት፣ የናይጄሪያና የብራዚል፣ የሕንድና የፊሊፒንስ ምሁራን ስለየአገራቸው ስደተኞች ከጻፉት ጋር እንዲያስተያዩት ፈለገች። አሥራ አራት ገጽ ጻፈች። «ድንበር ተሻጋሪ የቤተሰብ ተግባቦት» አለችው።

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ነቢዩ አሥራ አራቱን ገጽ በአውራ ጣቱ ገለባበጠና፣ «እሴትዬ፣ ይሄ እኮ ሰፈር ነው። ዓለም አቀፍ ሁኑ የተባልነው መሰላን ለመጎብኘት ነው?» አላት። እሱ ራሱ ከአንድ ሰሜን አውሮፓ የወደብ ከተማ ዩኒቨርሲቲ ድረ ገጽ ሙሉ ሥርዓተ ትምህርት አውርዶ፣ የዩኒቨርሲቲውን ስም በእኛው ቀይሮ፣ ሎጎ ለጠፈበት። ዓርብ በአሥራ አንድ ሰዓት፣ ሰርቪሱ ሞተር አስነስቶ እየጠበቀ፣ ራሱ አስቀድሞ ፈርሞ ለቀሩት አራት የኮሚቴ አባላት «ሁላችሁም ያላችሁት ገብቷል፣ ፈርሙና እንሂድ» አላቸው። ፈረሙ። እሴትም ፈረመች፤ የእሷም አሥራ አራት ገጽ የገባ መስሏት። ሰኞ ስታየው የለም። ቢሮው ድረስ ሄዳ ስትጮህ ዶክተር ነቢዩ ወንበሩ ላይ ለጠጥ ብሎ፣ «ፈርመሻል እኮ!» አላት፤ ሳቀም። ዛሬ ከጸደቀ አምስት ዓመት አይነካም። ያንን ትምህርት ሲጠብቁ የነበሩት አርባ አንድ ተማሪዎች ሳያዩት ይመረቃሉ። እሷም አፏን ልትከፍት አትችልም፤ ፊርማዋ ከሰነዱ ሥር አፏን ዘግቶታል።

የሳጂዳ ፎቶ ኮፒ ቤት ከመናኸሪያው በር ትይዩ ነው። ሁለት ማሽን፣ አንድ አግዳሚ፣ እስክሪብቶና የፓስፖርት ሽፋን የተደረደረበት የመስታወት ሳጥን አለው። የገጹ አምስት ብር ነው። ሳጂዳ ዘጠኝ ዓመት ጅዳ ሠርታ የተመለሰች፣ ወደ አርባ የሚጠጋት፣ ሳቋ ከማሽኑ የሚጮህ ሴት ናት። ወደ ዓረብ አገር የሚሄዱ ልጆች ፓስፖርታቸውንና ውላቸውን ኮፒ ሊያደርጉ ይመጣሉ፤ እሷ ደግሞ ማሽኗ ላይ የወጣን ወረቀት ሳታነብ አታሳልፍም። ለማንበቧ አታስከፍልም። «ዘጠኝ ዓመት ያስቀረኝ ያላነበብኩት ወረቀት ነው። ከዚያ ወዲህ የመድኃኒት ማብራሪያ እንኳ አያልፈኝም» ትላለች።

እሴት ስትገባ ከቦኬ የመጣች ሲፈን የምትባል ልጅ ከእናቷ ጋር አግዳሚው ላይ ተቀምጣለች። ሳጂዳ የልጅቱን ውል መስታወቱ ላይ ዘርግታዋለች።

«ያ ኢንተላ፣ አንቺ ልጅ፣ ነይ ወዲህ። ይሄ ወረቀት ምን እንደሚል ነግረውሻል?»

«የቤት ሥራ ነው ብለውኛል።»

«እሱማ ነው። የስንት ቤት?»

«የአንድ።»

ሳጂዳ ጣቷን ከአንድ መስመር ሥር አድርጋ መጀመሪያ በዓረብኛ ጮክ ብላ አነበበች። ቀጥላ ለእናትየው በኦሮምኛ አስረዳች። ከዚያ ወደ እሴት ዞር አለች። «አንቺም ስሚ ቲቸር። ‹በአሠሪው ቤት፣ ወይም አሠሪው በሚያዝበት በሌላ የዘመድ ቤት› ይላል። ዘመድ ደግሞ ስንት ነው? እሱን አላህ ነው የሚያውቀው! እኔ የነበርኩበት ቤት ሰውዬው ሰባት እህት ነበረው፣ ወላሂ፣ ሰባቱም ምንጣፍ ይወዳሉ።»

እናትየው ሳቁ፤ ወዲያው ደግሞ ሳቁን ዋጡት። ልጅቱ ወረቀቱን አፍጥጣ አየችው። «ምን ልበላቸው ታዲያ?»

«ይቺን መስመር ሰርዙልኝ በያቸው። እንቢ ካሉ አትፈርሚ፤ ወደኔ ተመለሺ፣ ሌላ መንገድ እንፈልጋለን።»

«ይቆጣሉ እኮ።»

«ይቆጡዋ! ቁጣ በነጻ ነው።»

እሴት የሚካልን ሁለት ቤት አሰበች። ያቺ መስመር የእሷም ወረቀት ላይ ሳትኖር አትቀርም። አባቷ በፈረሙበት ቀን ከዚህ ሱቅ የሚለያቸው ሁለት መቶ እርምጃ አይሞላም ነበር። ማንም «እስቲ ሳጂዳ ትየው» አላለም። እሷም አላለች። የኮሙኒኬሽን መምህርት ናት፤ እህቷ ሻንጣ ስታስር ግን ፈተና ታርም ነበር።

ሰነዷን አውጥታ ሰጠች። ማሽኑ ማጓራት ጀመረ። ሳጂዳ እንደ ልማዷ የወጣውን ገጽ ሁሉ እያነሳች ታያለች፤ እንግሊዝኛውን የለመደችው የማዳሟን ልጆች የቤት ሥራ ስታሠራ ነው። አንድ ገጽ ላይ እጇ ቆመ። ወደ ብርሃኑ ከፍ አድርጋ ያዘችው።

«ቲቸር፣ ጭሮ ትራም መቼ ገባ?»

«ምን?»

«ገጽ አርባ ሰባት። በሦስተኛው ሳምንት ተማሪዎች በአራት ቁጥር ትራም ተሳፍረው ወደቡ ላይ ያለውን ሬዲዮ ጣቢያ ይጎበኛሉ ይላል።»

«አይልም።»

«ይላል እንጂ! እዪው። ወደቡስ በየት በኩል ነው? እኔ እዚህ ስጨማለቅ ባሕሩ መጥቷል ማለት ነው? በቃ፣ ይሄን ማሽን ሸጬ መረብ እገዛለሁ።»

ሲፈን ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች። እሴት ወረቀቱን ነጠቀቻትና አነበበችው። ትራሙ አለ። ቁጥሩም አለ። ፊቷ እንደ እሳት ነደደ፤ ሳጂዳ ስላየችባት ብቻ አልነበረም፣ ራሷ ስላላየችው ነው። ከማሽኑ የወጣውን ክምር አንስታ አግዳሚው ጥግ ተቀመጠችና ከገጽ አንድ ጀመረች። አውቶቡስ ጥሩንባውን ይነፋል፣ ረዳቶች «ሂርና! ሂርና! አንድ ሰው!» ይላሉ፣ ባጃጆች ይጮሃሉ፤ እሷ ታነባለች። ገጽ ሃያ ሁለት ላይ ተማሪዎች ለመስክ ሥራ የበረዶ ጫማ እንዲይዙ ይመከራሉ። ገጽ ሠላሳ ላይ ለቋንቋ ልምምድ የከተማው ምክር ቤት በሚሰጠው ነጻ የሙዚየም ቲኬት እንዲጠቀሙ ይነገራቸዋል። የአርባ ረከቴ ዩኒቨርሲቲ ስም በየገጹ ራስ ላይ እንደ ተውሶ ኮት ተንጠልጥሏል። ዓለም አቀፍ መሆን ማለት ይሄ ነው? የሌላውን ሰው የቤት አድራሻ ደጃፍህ ላይ መለጠፍ?

ስድስት ሰዓት ሊሆን ሲል ገጽ ስልሳ አንድ ላይ ደረሰች። አሥራ አንደኛው ሳምንት። እንዲህ ይላል፦ ተማሪዎች በከተማችን ከሚኖሩት የምሥራቅ አፍሪካ ቤተሰቦች አንዱን መርጠው፣ ባሕር ማዶ ካሉ ዘመዶቻቸው ጋር በድምፅ መልእክት እንዴት እንደሚነጋገሩ፣ ምን እንደሚጠያየቁና የትኛውን ጥያቄ ሳይመልሱ እንደሚያልፉ ያጠናሉ።

ሦስት ጊዜ አነበበችው። የዚያ የማታውቀው የወደብ ከተማ መምህር፣ ማንም ይሁን ማን፣ እሷ በአሥራ አራት ገጽ የለመነችውን ነገር በሦስት መስመር ጽፎታል። የሰፈር ወሬ ነው አላለም። የራሱን ትራም አሳፍሮ ነው ተማሪዎቹን የሚልካቸው፣ እነ ሚካልን ለመስማት። የእኛዎቹ ደግሞ ያንኑ ቀድተው፣ መሰላን ሰርዘው፣ ልጆቻችን ራሳቸውን ለማግኘት የሌለ ትራም እንዲጠብቁ ፈረዱባቸው።

«ምን አገኘሽ?» አለች ሳጂዳ።

«እኛን» አለች እሴት።

የመጨረሻውን ገጽ ገለጠች። አምስት ፊርማ። ሦስተኛው የእሷ ነው፤ ለሰርቪስ የቸኮለ ሰው ፊርማ፣ ጅራቱ ወደ ላይ የሸሸ።

ለምሳ ቤት ገባች። አቶ ቢቂላ የምስር ወጡን ከፊታቸው አስቀምጠው ይጠብቋታል፤ ያለ እሷ አይቆርሱም። ጸለዩ። በሉ። እሴት ልማዷን ሰብራ ሰነዱን ከሰሃኑ አጠገብ አስቀመጠችና ሁሉንም ነገረቻቸው፦ ሳጂዳን፣ ትራሙን፣ የበረዶ ጫማውን፣ ገጽ ስልሳ አንድን። አባቷ በትራሙ ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን ገታ አድርገው፣ «ታዲያ ዛሬ ትናገሪያለሽ?» አሉ።

«ምን ብዬ? እኔም ፈርሜያለሁ። ‹አንቺስ የት ነበርሽ?› ቢሉኝስ?»

አቶ ቢቂላ ተነሱ። እጃቸውን ታጠቡ፣ በፎጣ አንድ በአንድ ጣታቸውን አደረቁ። መስኮቱን እያዩ ነበር የተናገሩት።

«ስልክ ቤት ሳለሁ ሰው ከሩቅ ሲጠይቅሽ ዝም አይባልም። መስመሩ ተበላሽቶም ቢሆን ‹እሰማለሁ፣ ይጠብቁ› ይባላል። ዝም ካልሽ ያኛው ወገን መስመሩ የተቋረጠ ይመስለዋል።» ፎጣውን አጠፉ። «ዓረብኛ ማንበብ አልችልም ማለት አፈርኩ። ሰውዬው ‹ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ዓለምን ያገናኙ ሰው ነዎት› አለኝ። ደስ አለኝ። ፈረምኩ።»

እሴት አባቷን ቀና ብላ አየቻቸው። ስልካቸውን ወደ እሳቸው አስጠጋችላቸው። አቶ ቢቂላ ኪሳቸው ገብተው ከረባቱን አወጡ፣ አዩት፣ መልሰው ከተቱት። ያለ ከረባት፣ አንገታቸው እንደተገለጠ፣ ስልኩን አነሱ።

«ሚካልዬ። አባትሽ ነኝ። አላነበብኩትም። ማንበብ አልችልም ማለት አፍሬ ነው እንጂ አንቺን ንቄ አይደለም። ጥፋቱ የኔ ነው። ይሄ ነው መልሱ።» ጣታቸውን ከመቅጃው ላይ አነሱ። ከዚያ ደግሞ ትንሽ አስበው እንደገና ተጫኑት። «ወረቀቱ ቤት አለ። ዛሬ እዚህ መናኸሪያ ጋ የምታነብ ሴት አለች ትላለች እሴት፤ ወስጄ አስነብበዋለሁ። ምን ማድረግ እንደሚቻል እጠይቃለሁ።»

በዘጠኝ ሰዓት አዳራሹ ውስጥ ሃምሳ የሚሆን ሰው ነበር። ከፊት ረጅም ጠረጴዛ፣ አረንጓዴ ጨርቅ፣ የታሸገ ውሃ፤ ከኋላ «ባለድርሻ አካላት» ተብለው የተጠሩ ተማሪዎች። ከአዲስ አበባ የመጡት ገምጋሚ ፕሮፌሰር ህሩይ መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው ሰነዱን ገና አልገለጡትም። ሰነዱ እጃቸው የገባው አሁን ነውና አይፈረድባቸውም። ዶክተር ነቢዩ ደማቅ ሰማያዊ ሱፍ ለብሶ ስላይድ ያሳያል፤ የዓለም ካርታ፣ በካርታው ላይ ከጭሮ ተነስተው ወደ ሰሜን የሚሮጡ ቀይ ቀስቶች። አንድም ቀስት ወደ ጅዳ አይሄድም። አንድም ቀስት ወደ ጭሮ አይመለስም።

እሴት በሩ አጠገብ እንደተቀመጠች ስልኳ ተንቀጠቀጠ። አባቷ ናቸው። መልእክቱ አጭር ነበር፦ «በሥራዋ መሐል ተደብቃ መለሰችልኝ። አለቀሰች። ከዚያ ፓፓያው አፍርቶ እንደሆነ ጠየቀችኝ።»

ሁለት ዓመት ሙሉ ከአንድ ጥያቄ ሌላ ያልጠየቀች ልጅ ስለ ፓፓያ ጠየቀች። እሴት ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ እጇን ወደ ላይ አነሳች።

«ጥያቄ በመጨረሻ ነው» አለ ዶክተር ነቢዩ።

«ጥያቄ አይደለም፣ ንባብ ነው» አለች፤ ቆመችም። «ክቡራን፣ ገጽ አርባ ሰባትን ይግለጡልኝ።» የወረቀት ድምፅ ተሰማ። እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ እየመለሰች፣ ድምፅዋን ሳታፈጥን አነበበች። ትራም የሚለው ቃል ላይ ስትደርስ ከኋላ ዓሊዩ የሚባል የሦስተኛ ዓመት ተማሪ፣ «ቲቸር፣ ፌርማታው የት ጋ ነው? ቀድሜ ወረፋ ልያዝ!» አለና አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ፕሮፌሰር ህሩይ መነጽራቸውን ከግንባራቸው ወደ ዓይናቸው አወረዱ።

«የኮፒ ስህተት ነው፤ ጥቃቅን ነገር ይታረማል» አለ ዶክተር ነቢዩ።

«ገጽ ስልሳ አንድስ? እሱ እንኳን ስህተት አይደለም። ከሰነዱ ሁሉ እውነተኛው እሱ ነው።» አነበበችው። አሁን የሳቀ የለም። ተማሪዎቹ አንገታቸውን አስግገው ሰሙ፤ ከእነሱ መካከል እህት ወይም እናት ባሕር ማዶ የሌለው ጥቂት ነው። «ይህን የጻፈው መምህር ዓለምን ፍለጋ ሲወጣ ያገኘው እኛን ነው። እኛ ዓለምን ፍለጋ ስንወጣ ራሳችንን ሰርዘን ተመለስን። መሰላን አውጥተን ትራም አስገባን!»

«ይድገሙልኝ እስቲ አንቀጹን» አሉ ፕሮፌሰር ህሩይ፤ እስክሪብቷቸውንም አነሱ። ደገመችላቸው። ጻፉ። «የወጣ ሌላ ትምህርት ነበር ማለት ነው?»

«አሥራ አራት ገጽ ነበር። እዚህ ይዤዋለሁ።»

ዶክተር ነቢዩ ማይክራፎኑን አስጠጋ። «ክቡር ፕሮፌሰር፣ አንድ ነገር ግልጽ ይሁን። ይህ ሰነድ በኮሚቴ ተመርምሮ የጸደቀ ነው። ወይዘሪት እሴትም ፈርመዋል። ፊርማቸው ሦስተኛው ላይ ነው፣ ይመልከቱት።»

የጠበቀችው ይሄው ነበር። ግን አባቷ ጠዋት በከረባት ያልመለሱትን ቃል በምሳ ሰዓት ያለ ከረባት ሲናገሩት አይታለች።

«አዎ፣ ፈርሜያለሁ። አላነበብኩትም። ሰርቪሱ ሊሄድ ነው ተባልኩ፣ ቸኮልኩ፣ ፈረምኩ። ተማሪዎቼ፣ ጥፋቱ የኔ ነው፤ ፊርማዬን ዛሬ እስባለሁ።»

ከፊት ረድፍ ወይዘሮ ባየች ከወንበራቸው በዝግታ ተነሱ፤ ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ። «ሁለተኛው ፊርማ የኔ ነው» አሉ። «እኔም አላነበብኩትም ልጆቼ። ሠላሳ ሁለት ዓመት አስተምሬ፣ መጨረሻ ላይ ሳላነብ ፈረምኩ።» አጠገባቸው የተቀመጠው አራተኛው ፈራሚ «እኔም» ብሎ ቆመ። አምስተኛውም ወለሉን እያየ እጁን ብድግ አደረገ። ከኋላ አንዷ ተማሪ ማጨብጨብ ጀምራ ተወችው።

አንድ ፊርማ ቀረ፤ የመጀመሪያው። ዶክተር ነቢዩ ወደ ስላይዱ ዞሮ የሆነ ቁልፍ ይነካካል፤ ካርታው ይሄዳል ይመለሳል።

እሴት አሥራ አራቱን ገጽ ፕሮፌሰር ህሩይ ፊት አስቀመጠች። ከዚያ ወደ እሱ ዞረች።

«ዶክተር ነቢዩ፣ አራታችን መልሰናል። የቀሩት እርስዎ ነዎት። አንብበው ነው የፈረሙት፣ ወይስ ሳያነቡ? ለእኔ አይመልሱልኝ። ወደ ልጆቹ ይዙሩና፣ ማይክራፎኑን ይያዙና፣ ሁሉም እንዲሰማ ይመልሱላቸው!»